አስከሬን የሌለበት ሠርግ

ደራሲዋ የሰው ቤት ስትገባ እንደ ሌላው ሰው መቀመጫ አትፈልግም፤ አስከሬን የሚደበቅበት ቦታ ነው የምትፈልገው። ክፉ ሆና አይደለም፣ ሥራዋ ነው። ቁም ሳጥን ሲከፈት፣ አሳንሰር ሲዘጋ፣ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ባየች ቁጥር ሐሳቧ እዚያው ነው፤ ማን ይግባበት? እግሩ ይታጠፋል አይታጠፍም? ታላቅ እህቷ ይህን አመሏን አሳምራ ስለምታውቅ፣ አዲስ ፍሪጅ ያስገባች ዕለት በሩን እንኳ ሳትከፍትላት፣ አትልፊ፣ አይችልም፣ መደርደሪያው አይነሣም አለቻት።

ደራሲዋን ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የሚሏት። የሚሏት ስል፣ የምትላት አንድ ሰው ናት፤ ይህችው ታላቅ እህቷ። ሚጡ ዛሬ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ ያለ መነጽር የራሷን ጽሑፍ የማታነብ ትልቅ ሴትዮ ናት፤ ስሙ ግን አልተነቀለም። እሷ በተራዋ እህቷን እታለም ትላታለች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻት እታለም ናት፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች። ሁለቱም ባል አላገቡም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ከተገኘ እታለም መቀሷን ብድግ ታደርጋለች፣ ጎረቤትየውም የመጣበት ጉዳይ ይጠፋበታል። የፊተኛው ክፍል የእታለም የልብስ ስፌት ነው፣ የኋለኛው የሚጡ መጻፊያ። የስፌት መኪናው ካልተንቀጫቀጨ ሚጡ መጻፍ አይሆንላትም።

የምትጽፈው ተከታታይ ልብ ወለድ ነው፤ ግድያና ፍቅር፣ እኩል እኩል። ባለታሪኳ ሰዓት ሠሪ ናት፤ ጥግ ላይ ባለች ጠባብ ሱቋ ተቀምጣ የሰዓት ሆድ ዕቃ በማጉያ ስታይ የምትውል፣ ፖሊስ ያቃተውን ነፍሰ ገዳይ ግን ከዚያችው ወንበሯ ሆና የምትይዝ። የሚወዳት ደግሞ መርማሪው ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የእጅ ሰዓቱ በየሳምንቱ የሚበላሽበት ሰውዬ። አንባቢው ግድያውን እንደ ሰበብ ነው የሚያየው፤ የሚጠብቀው የሁለቱን መጋባት ነው። ሊጋቡ ነው፣ ሊጋቡ ነው፣ ዘጠኝ መጽሐፍ ሙሉ ሊጋቡ ነው። ቀሚስ ይሰፋል፣ አዳራሽ ይያዛል፣ እንግዳ ይቀመጣል፣ ከዚያ አንዲት ሴት ትጮኻለች፤ አስከሬን ተገኘ። አንዴ ኬኩን ከተሸከመው ጋሪ ሥር፣ አንዴ ከሙሽራው መኪና ኋላ፣ አንዴማ ሊያጋቧቸው የመጡት ሹም ራሳቸው ወንበራቸው ላይ ደርቀው። ሠርጉ ይበተናል፣ ሰዓት ሠሪዋም ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ምርመራ ትሮጣለች።

አጋብቶ መገላገል ነው እንጂ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ችግሩማ አለ። መጽሐፎቿን የሚያወጣላት ድርጅት መጽሐፍ አይሸጥም፤ ንባብ ነው የሚሸጠው። አንባቢው በየወሩ የተወሰነች ክፍያ ይከፍላል፣ ከዚያ በስልኩም በታብሌቱም ዓይኑ እስኪቀላ ያሻውን ያነባል። ድርጅቱ ከሁሉም የሰበሰበውን አንድ ድስት ውስጥ ይከተዋል፤ መጀመሪያ የራሱን ይጨልፋል፣ የተረፈውን ለደራሲዎቹ በተነበበላቸው ገጽ ልክ ያካፍላል። የተገለጠ ገጽ ፍራንክ ነው፤ ያልተገለጠ ምንም አይደለም፤ አንድ አንባቢ ሁለቴ የገለጠውም እንደ አንድ ነው። እስቲ ፍረዱ። አንጀት የምትበላ፣ ቅልብጭ ያለች ትንሽ መጽሐፍ የጻፈ ደራሲ አጨብጭቦ ይቀራል፤ አንድን ሰውዬ ደረጃ ለማስወጣት አንድ ምዕራፍ የሚፈጀው፣ እሱ ቤት ይሠራል። ታሪኩ አለቀ ማለት ደሞዝ አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ሚጡ እያንዳንዱን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ትጽፈዋለች። መጀመሪያ ቀጭኑን ትጽፋለች፤ እውነተኛው ታሪክ እሱ ነው፣ በጥቂት ቀን፣ እየሳቀችና እያለቀሰች የምትጨርሰው። ከዚያ ማደለብ ይመጣል። ማደለብ ያለችው ራሷ ናት። ቀጭኑ ላይ "ገዳዩ በሩን አንኳኳ" የሚል ካለ፣ ወፍራሙ ላይ በሩ ከምን እንጨት እንደተሠራ፣ እንጨቱን የቆረጠው ሰውዬ ከሚስቱ ጋር በምን እንደተኳረፈ፣ ሚስትየዋስ ብትሆን ያን ዕለት ምን ለብሳ እንደነበር ይተረካል። ገዳዩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ቀጭኑን ማንም አይቶት አያውቅም። ሚጡ ማደለብ ላይ ስትደርስ ራሷን ያማት ነበር፤ ያንን እንጨት ቆራጭ ከልቧ ጠልታዋለች።

ይህ ሁሉ ልፋት ከአንድ ወንበር ለመሸሽ ነው። ሚጡ ደራሲ ከመሆኗ በፊት የውሃ ሂሳብ ቅሬታ የሚቀበል ቢሮ ውስጥ ስልክ ታነሣ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ሰዉ ከወዲያ ማዶ እየጮኸባት፣ ይቅርታ እንጠይቃለን ስትል ዕድሜዋ ነጎደ። ቧንቧውን እሷ አልሰበረችውም፣ ሂሳቡንም እሷ አላጋነነችውም፤ ስድቡ ግን የሷ ነበር። ሰዓት ሠሪዋ የአንባቢ ልብ ውስጥ ስትገባላት ነው ከዚያ ወንበር የተነሣችው፤ የተነሣች ዕለት ከእታለም ጋር ተቃቅፈው አልቅሰዋል። አሁን ግን ቆጣሪው ወደ ታች ማለት ጀምሯል። ቆጣሪ የምትለው ድርጅቱ በየቀኑ የተገለጠላትን ገጽ የሚያሳያትን ሰሌዳ ነው፤ ልክ እንደ መብራት ቆጣሪ፣ ልዩነቱ ሲሮጥ ደስ የሚል መሆኑ ነው። አንባቢው ሰልችቶታል። ስምንተኛውና ዘጠነኛው መጽሐፍ ላይ ብዙው መሃል መንገድ ተመልሷል።

በዚህ መሃል የድሮ አለቃዋ ደወለች። ደግ ሴት ናት፣ ለክፋት አይደለም፤ ወንበርሽ ተለቋል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ላንቺ አቆየዋለሁ አለቻት። ሚጡ እምቢም እሺም አላለች፤ ላስብበት አለች። ዐሥረኛው መጽሐፍ ካነሣት አነሣት፣ ካላነሣት ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ሊመለስ ነው። ስለዚህ ዐሥረኛውን ከሌሎቹ ሁሉ አብልጣ አደለበችው። ሠርጉ እንደ ልማዱ ይበተናል፤ አስከሬኑ ከሙሽራዋ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይገኛል፤ ዐሥራ አንደኛው ከዚያ ይቀጥላል።

እታለም የታመመችው ያኔ ነው። የሐሞት ጠጠር ነው፣ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው ተባለ። ሐኪም ቀላል ሲል ለሱ ነው፤ ለሚቀደደው ሰው ምን ቀላል አለ? ሰፈሩን በመቀስ የምታስፈራራ ሴትዮ ማደንዘዣ ፈራች። ተኝቶ አለመንቃት አለ፣ ሰምታለች። ቀጠሮው ሲቃረብ የስፌት መኪናውን አቆመችና ኋለኛው ክፍል ገብታ ሚጡ አጠገብ ቁጭ አለች።

"ይጋባሉ አይጋቡም?" አለቻት።

ሚጡ መጨረሻው ገና አልተወሰነም ብላ ልታልፈው ሞከረች። ስለ ድስቱ፣ ስለ ገጹ፣ ስለ ወንበሩ እንደገና አስረዳቻት፤ እታለም ስንቴ የሰማችውን።

"እሱን ተይውና ስሚኝ። እኔ ባልነቃስ? የልጅቷን ቀሚስ ሁሉ በሐሳቤ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ክሩን ሳይቀር መርጬላታለሁ። ለብሳው ሳላይ ልሙት?"

ሚጡ የዐሥረኛውን ቀጭን ፋይል አወጣችና መጨረሻውን ቀየረችው። አስከሬን የሌለበት ሠርግ ጻፈች። እንግዶቹ የነዚህን ሰዎች ሠርግ ስለለመዱት ተቀምጠው ጩኸቱን ይጠብቃሉ፤ ጠረጴዛ ሥር ያያሉ፣ መጋረጃ ገለጥ ያደርጋሉ። መሃል ላይ የሆነ ነገር ኳ ሲል አዳራሹ በሙሉ ብድግ ይላል። ትሪ ነው የወደቀው። መርማሪው ይስቃል፣ ዘጠኝ መጽሐፍ ሙሉ ጥርሱ ታይቶ የማያውቀው ሰውዬ። ይጋባሉ፣ ይሄዳሉ፣ አለቀ። ሚጡ የመጨረሻውን መስመር ጽፋ ስትጨርስ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። ፋይሉን ከስልኳ ወደ እህቷ ታብሌት ላከችውና ላንቺ ብቻ ነው፣ ሌላ ማንም አያየውም አለቻት። እታለም ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና አነበበችው፣ ዓይኗን በአንሶላው ጠረገች፣ ነርሷንም አሁን ልትወስጂኝ ትችያለሽ አለቻት።

ሚጡ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ፊት ለፊቷ የቆሸሸ ጨርቅ የሚሰበሰብበት፣ ጎማ ያለው ትልቅ ቅርጫት ቆሟል። እንዲያ ተጨንቃም አመሏ አልለቀቃትም፤ ጉልበቱ ከታጠፈ አንድ ሙሉ ሰው ይችላል አለች በልቧ፣ ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች። ያኔ ስልኳ ጮኸ። የድርጅቱ መልእክት ነው። የዐሥረኛው መጽሐፍ ፋይል እስከ እኩለ ቀን ካልገባ ቀድመው የተመዘገቡት አንባቢዎች ሁሉ ምዝገባቸው ይሰረዛል ይላል። ጨርሳ ረስታዋለች። በጥድፊያ የስልኳን ፋይሎች ከፈተች፣ ከላይ ያለውን ነካች፣ ላከች። ተቀብለናል አሉ። ትንሽ ቆይቶ ነርሷ ብቅ አለችና እህትሽ በሰላም ወጥታለች አለቻት። ሚጡ የማታውቃት ሴት ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ መጽሐፍ የሚባል ነገር ከአእምሮዋ ጠፋ።

እታለም ቤቷ ገባች፤ ዳነች ብቻ ሳይሆን ብሶባት መጣች። ስፌት ስለተከለከለች ምላሷ ሥራ ፈትቶ አላረፈም። ሾርባው ቀጠነ፣ መጋረጃው ተንሻፈፈ፣ ሚጡ ከስታለች፣ ሁሉም ከአልጋው ላይ ይታያታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ድምፅዋ ጠፋ። ሚጡ ደንግጣ ልታያት ስትሄድ ታብሌቱን ደረቷ ላይ አስደግፋ አገኘቻት። አዲሱ መጽሐፍ ዛሬ ወጥቷል፤ ለሕዝብ የጻፍሽውን ደግሞ ልየው ብላ አውርዳዋለች።

"አስከሬኑ የታለ?" አለች እታለም።

ሚጡ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ነው አለቻት፤ ትዕግሥት አድርጊ፣ መጨረሻ አካባቢ ነው።

"መጨረሻው ላይ ነኝ። ትሪ ነው የወደቀው።"

ሚጡ ታብሌቱን ነጥቃ አየች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለች። ኮሪደሩ ላይ ከላይ ያለውን ፋይል ነበር የነካችው፤ ከላይ ያለው ደግሞ መጨረሻ የላከችው ነው፤ መጨረሻ የላከችው ለማን ነበር? ዘጠኝ መጽሐፍ ሙሉ ያቆየችውን ሠርግ፣ ሳታደልብ፣ ከነቅጥነቱ ለዓለም በትናዋለች። እታለም የቀዶው ስፌት እንዳይለቅ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ስትስቅ ቆየች። ሳቁ ሲበርድላት ላንቺ ብቻ ነው ብለሽኝ ነበር አለች፤ እውነቱን ለመናገር ቅሬታም ነበረበት።

ቆጣሪው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈነደቀ፤ የተመዘገበው ሁሉ ነው ያነበበው። ከዚያ ጭልጥ ብሎ ወረደ። ቀጭን መጽሐፍ ምን ገጽ አለውና? ቀጣይ የለ፣ የሚጠበቅ የለ። ሚጡ የሙያ ጓደኛዋ ጋ ደወለች። ይህ ሰውዬ የሙት መንፈስ ታሪክ ጸሐፊ ነው፤ ጋሽ ጣረሞት ይሉታል፣ ራሱም በዚህ ስም ይጠራል። አንድ አሮጌ ቤት አለው፣ በጽሑፍ ማለት ነው፤ በየክፍሉ አንድ መንፈስ፣ ለየመንፈሱ አንድ መጽሐፍ፣ ገጽ ሲያንሰው አዲስ ክፍል ይቀጥልበታል። ጋሽ ጣረሞት ሰምቶ ሲያበቃ አይዞሽ አለ። ድርጅቱ ፋይል መቀየር ይፈቅዳል፤ ወፍራሙን መልሰሽ ጫኚው፣ ያነበበ ሰው ቢጠይቅሽ ሠርጉ የሰዓት ሠሪዋ ሕልም ነበር በይ። እሱ ራሱ እንዲህ አድርጎ ስንት ሙት አስነሥቷል። መጨረሻ ያለው ታሪክ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ልጄ፣ አላት።

ምክሩ ክፉ አልነበረም። ሚጡ ተቀመጠች፣ ወፍራሙን ከፈተች፣ ጫፉ ላይ "ሰዓት ሠሪዋ ባንና ተነሣች" ብላ ጻፈች። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተከፈተ፣ ሴትየዋ ጮኸች፣ ሁሉም እንደነበረው ሆነ። ከመጫኗ በፊት አንባቢዎች የጻፉትን እስቲ ልየው አለች። እንኳን ደስ አለን ይላሉ፤ አላችሁ አይደለም፣ አለን። አንዱ ዘጠኝ መጽሐፍ አስጠብቃ ይህችን ብቻ ብሎ ይራገማል። አንዷ ትሪው ሲወድቅ እኔም ከሶፋዬ ተነሣሁ ትላለች። ሚጡ ሆድ ባሳት። ቢሆንም ጣቷ መጫኛው ላይ ነው፤ ወንበሩ ይታያታል፣ ማዳመጫው ይታያታል።

እታለም ግድግዳውን ይዛ፣ ቀስ እያለች፣ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ ብሏታል፤ የመጣችው ግን ለሐኪሙ ብላ አልነበረም። ጋሽ ጣረሞት በስልኩ ድምፅ ማጉያ ያለውን በግድግዳው ሰምታለች።

"ከማደንዘዣው ስነቃ መጀመሪያ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ?" አለች። "ተጋብተዋል ነው ያልኩት። የት እንዳለሁ ሳላውቅ፣ ስሜን ሳላስታውስ፣ ተጋብተዋል አልኩ። አሁን ሕልም ነው ልትይኝ ነው? እሱ ሕልም ከሆነ እኔም ገና አልነቃሁም ማለት ነዋ።"

እታለም ቀጠለች፤ ወንበሩን እኔም አልወደውም፣ ግን ከዚህ ቀደም በልተሽበታል፣ አልገደለሽም፤ እኔም ሁለት ሳምንት ልተኛ እንጂ እጄ አልተቆረጠም አለች። ልጅቷን ግን እንደተዳረች ተያት አለች። ይህን ብላ ግድግዳዋን ይዛ ተመለሰች፤ መንገድ ላይ ሾርባውን ቀምሳ ጨው የለውም አለች።

ሚጡ ወፍራሙን ዘጋችው። የድርጅቱ ገጽ ላይ ከመጽሐፉ ስም ሥር አንድ ምርጫ አለ፤ ዘጠኝ መጽሐፍ ሙሉ "ቀጣይ አለው" የሚለው ላይ ነው የኖረችው። ጣቷን አንሥታ "ተጠናቋል" የሚለውን ነካች። ቀጥላ አለቃዋ ጋ ደወለችና ሰኞ እጀምራለሁ አለች። ድምፅዋ እንዳይሰበር ቶሎ ዘጋችው። እንግዲህ ሚጡ ታሪኩን ለማዳን ስትል ራሷን ወደ ወንበሩ መለሰች፤ ጀግንነት አይደለም፣ ምሽቱን በሙሉ ስታለቅስ ነው ያመሸችው፣ እታለምም ፀጉሯን ስትዳብስላት።

ቅዳሜ ላይ ቆጣሪውን ከፈተች። ልትሰናበተው ነው። ዐሥረኛው እንዳለ ነው፣ የሚያወራ ነገር የለውም። ወደ ላይ ስትል ግን የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ዓይኗ ተተከለ። ያ መጽሐፍ ስንት ጊዜው፣ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም፤ አሁን ገጹ ሲገለጥ የዋለ ነው። ማሽኑ ተሳስቷል አለች። እሑድ ስታየው ሁለተኛውም ተነሥቷል፣ ሦስተኛውም ይከተላል። ሚጡ ደስ ከማለቷ በፊት ፈራች፤ ድርጅቱ አጭበርብረሻል ብሎ መጽሐፎቿን ሊያግድባት ይችላል፣ በሌሎች የደረሰ ነው። ጋሽ ጣረሞት ጋ ደወለች።

ጋሽ ጣረሞት ቁጥሩን ሁለቴ አስነገራት።

"ስለጨረስሽው ነዋ" አለ። "ያላለቀ ታሪክ የማይጀምር ሰው አለ፣ ልጄ። ስንቱ ደራሲ መሃል ላይ ጥሏቸው ጠፍቷል፤ ተጎድተዋል፣ አያምኑንም። ከዳር ቆመው 'ተጠናቋል' የሚለውን ነው የሚጠብቁት። እኛ ደግሞ ቆጣሪ ላይ ስላላየናቸው የሉም ብለን ነበር። ያልገለጠ ሰው በምን ይቆጠራል?"

ጎርፍ ነው፣ ያልፋል፣ አትታለይ ሲልም አስጠነቀቃት። ታውቃለች። ሲያልፍ ግን ወንበር ላይ የሚያስቀምጣት ዓይነት አይደለም፤ ለዓመት፣ ከዚያም በላይ ይበቃታል፤ እስከዚያ አዲስ ታሪክ ትጽፋለች፣ በዚህኛው መጨረሻውን አስቀድማ፣ እንጨት ቆራጭ ሳታስገባ። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ጋሽ ጣረሞት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለመሆኑ ስትጨርሺው ምን ይላል፣ ሰውነት ላይ ማለቴ ነው፣ ብሎ ጠየቃት። ሚጡ ጠባብ ጫማ እንደማውለቅ ነው አለችው። ሰውዬው ተነፈሰና ቤቱ አርባ ክፍል መድረሱን ነገራት።

አለቃዋ ጋ የደወለችው ወዲያው ነው። አልመጣም፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለች፤ ያንን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ጥፋት ተናገረችው። አለቃዋ አልተቆጣችም፤ ሌላ ሰው አላጣም፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ አለቻት። ሚጡ ስልኩን አስቀምጣ ወደ ፊተኛው ክፍል ስትሮጥ እታለም ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣለች፤ መስፋት ተከልክላ እያለ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ እጅ ከፍንጅ ተያዘች። ሚጡ እፎይ ብቻ አለች። እታለም ገባት። መርፌውን ደብቃ አብራት እፎይ አለች፣ ከዚያ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ፣ የሆዷን ስፌት ሳይነኩ።

በቀጠሮዋ ቀን ሚጡ እህቷን ደግፋ ሆስፒታል ወሰደቻት። እታለም ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ኮሪደሩን እንደ ራሷ ቤት እየገላመጠች ትሄዳለች። ያ ጎማ ያለው ትልቅ ቅርጫት እዚያው ቦታው ላይ ቆሟል፤ አፉ ድረስ ሞልቷል። እታለም እህቷን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

"አየሽው?"

"አየሁት።"

"ታዲያ ምን አለበት?"

ሚጡ ቆም አለች። ዞራ ደግማ አየችው፣ ትንሽም ጠበቀች፤ ማን ይግባበት የሚል ሐሳብ አልመጣላትም።

"አንሶላ" አለች።

እታለም ፊቷን ለአፍታ አየቻትና ክንዷን አጥብቃ ያዘቻት። ከዚያ ተያይዘው ወደ ሐኪሙ ክፍል ገቡ።